ስሙ ብቻ የማይበቃው ጠመንጃ፦ በቱሪንገን የሚሰጥ የጥንታዊ መሣሪያ ምርመራ አገልግሎት ግምገማ

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጥንታዊ የጀርመን ጠመንጃ በውርስ ወይም በግዢ እጁ የገባ ሰው አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው መሣሪያው የት፣ መቼና በማን እንደ ተሠራ ነው። ለዚህ ጥያቄ በጥቂት ፎቶግራፎች ላይ ተመሥርተው ፈጣን መልስ የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ጠመንጃውን ፈትተው፣ ለክተውና የእያንዳንዱን ክፍል ምስክርነት ለየብቻ መዝነው በጽሑፍ የሚመልሱ ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ የምገመግመው ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱን ነው። አገልግሎቱን የሚሰጡት በጀርመን አገር በቱሪንገን ደን አካባቢ፣ ከዙል ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በጠመንጃ ሥራና እድሳት ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ለብቻቸው የሚሠሩ የግል ሰው ስለሆኑ ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር እገልጻለሁ፤ ምክንያቱም አንድ አንባቢ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ተመሳሳይ አገልግሎት ሲፈልግ ጥሩውን ከደካማው የሚለይበትን መመዘኛ ከዚህ ሊያገኝ ይችላል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠመንጃው የባለቤቴ አባት ቤተሰብ ንብረት ሲሆን በሰሜን ሄሰን በሚገኘው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለትውልዶች ተሰቅሎ የኖረ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ቧንቧው ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ወፍራምና ከባድ ነው፤ እንጨቱ የዋልነት ሆኖ ከጉንጭ ማሳረፊያው በስተኋላ በስሱ የተቀረጸ ሐረግ አለበት፤ በሰደፉ ቀኝ ጎን ክዳኑ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ተፈልፍሎለታል። በቧንቧው የላይኛው ገጽ ላይ የአንድ ጠመንጃ ሠሪ ስምና የካሰል ከተማ ስም በብር ተለብጠው ይነበባሉ። በቤተሰቡ ዘንድ ሲተላለፍ የኖረው ታሪክ፣ ጠመንጃው በ1776 ከጀርመኑ ግዛት ከሄሰን-ካሰል ወደ አሜሪካ በዘመቱት፣ ዬገር (አዳኝ) በተባሉት ወታደሮች እጅ የነበረና በአንድ የቤተሰቡ አባት ተይዞ የተመለሰ ነው የሚል ነው። ከዚህ በፊት ፎቶግራፉን ያየ አንድ የጨረታ ድርጅት የካሰልን ስም አንብቦ «የሄሰን የጦር ጠመንጃ፣ 1780 ገደማ» የሚል የአንድ መስመር መልስ ሰጥቶ ነበር። ሌላ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ቧንቧው ላይ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ የመንግሥት የፍተሻ ማኅተም ባለመኖሩ መሣሪያው በኋላ ዘመን የተገጣጠመ ሐሰተኛ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። ሁለቱም መልሶች ስሕተት መሆናቸውን ያወቅነው ከምርመራው በኋላ ነው፤ የተሳሳቱበት ምክንያት ግን ለማንኛውም የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ባለቤት ትምህርት ስለሚሆን እመለስበታለሁ።

ስለዚህ የጠመንጃ ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጀርመኖች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለደን አደን የሠሩት፣ ዬገር ተብሎ በአዳኞቹ ስም የሚጠራው ጠመንጃ፣ አጭር፣ ወፍራምና ሰፊ ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። ከዘመኑ የእግረኛ ጦር ጠመንጃ የሚለየው በቧንቧው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት የሚሆኑ የተጠማዘዙ ቦዮች ስላሉት ነው። አዳኙ ባሩዱን ለክቶ በአፈሙዙ ካፈሰሰ በኋላ የእርሳሱን አረር በስብ በተነከረ የተልባ እግር ጨርቅ ጠቅልሎ በመጠቅጠቂያ ዘንግ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጨርቁ ቦዮቹን ስለሚይዝ አረሩ ሲወጣ እየተሽከረከረ ይወጣና አቅጣጫውን ይጠብቃል። በሰደፉ ላይ ያለው ተንሸራታች ሣጥን የሚያገለግለው እነዚህን ጨርቆችና ጥቃቅን መሣሪያዎችን ለመያዝ ነው። ምላጩ ብዙውን ጊዜ ድርብ ነው፦ አንዱ ሲሳብ ሌላው በጣት ንክኪ ብቻ እንዲለቅ ያዘጋጀዋል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ፔንስልቬንያ የተሰደዱ ጀርመንኛ ተናጋሪ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህንኑ ዕውቀት ይዘው በመሄዳቸው ረጅሙና ቀጭኑ የአሜሪካ ጠመንጃ ከዚህ ቤተሰብ ተወለደ። ስለዚህ የዬገርን ጠመንጃ ትውልድ መመርመር የአንድን ቤት ቅርስ ብቻ ሳይሆን የሁለት አህጉራትን የእጅ ሥራ ታሪክ መንካት ነው።

የምርመራው ዋና ችግር ግን አንድ ጠመንጃ አንድ ትውልድ ብቻ የሌለው መሆኑ ነው። መርማሪው ሥራቸውን የጀመሩት ይህንን በማስረዳት ነበር። በከተማ የተቀመጠ ጠመንጃ ሠሪ፣ ካሰልም ይሁን ድሬስደን ወይም ሙኒክ፣ ሁሉንም ክፍል በገዛ እሳቱ አይሠራም ነበር። ቧንቧውን ከዙል፣ ከጼላ ወይም ከሜሊስ ቧንቧ አንጥረኞች ያልተወለወለ ሆኖ ይገዛል፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ መለኮሻውን፣ ከሌላ ባለሙያ ያስመጣል፤ እርሱ እንጨቱን ጠርቦ፣ ክፍሎቹን አጋጥሞ፣ ማነጣጠሪያውን አስተካክሎ ስሙን ይጽፍበታል። በተለይ ዙል በዙሪያዋ ብረት፣ ለከሰል የሚሆን ደንና ለመዶሻዎቹ ኃይል የሚሰጥ ወራጅ ውኃ ስለነበራት ለብዙ የጀርመን ግዛቶችና ለውጭ አገር ሠራዊቶች ጠመንጃ ታቀርብ ነበር፤ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ በ1634 ከተማዋ ተቃጥላ ሥራው ቢስተጓጎልም መልሶ አንሠራርቷል። ከዚህም ሌላ ጥሩ ቧንቧ በቀላሉ አይጣልም፤ እንጨቱ ሲሰበር ወይም ሲያረጅ አዲስ እንጨት ይለብሳል፤ ቦዮቹ ሲያልቁ እንደገና ይቦረቦራሉ፤ መለኮሻው ጊዜው ሲያልፍበት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት «የት ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ለቧንቧው፣ ለመለኮሻው፣ ለእንጨቱና ለመጨረሻው ለውጥ አራት የተለያዩ መልሶች ሊኖሩት ይችላል። የጨረታ ድርጅቱ ስሕተት የአራቱን መልስ በአንዱ ስም መጠቅለሉ ነበር።

ቀጠሮ ስንጠይቅ የተሰጠን የመጀመሪያ መመሪያ ጠመንጃውን በምንም ነገር እንዳንወለውል የሚል ነበር። ዝገት የመሰለውን ቡናማ ሽፋን በብረት ሱፍ መፈግፈግ ጥልቀት የሌላቸውን የአንጥረኛ ማኅተሞች ያጠፋል፤ እንጨቱን በአሸዋ ወረቀት ማለስለስም የቅርጹን ጠርዝና የተደፈኑ የሚስማር ቀዳዳዎችን አብሮ ይወስዳል፤ እነዚህ ደግሞ የምርመራው ዋና ማስረጃዎች ናቸው። ሁለተኛው መመሪያ ብሎኖቹን በቤት ውስጥ ባለው መፍቻ እንዳንነካ ነበር፤ የድሮ ብሎን አናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ በእጅ የተከፈለና ጠባብ ስለሆነ የዘመኑ መፍቻ ይሰብረዋል። ሦስተኛው፣ ጠመንጃውን በተቆለፈ ሣጥን ይዘን እንድንመጣ ነበር። አራተኛውና መርማሪው በጣም ያጠበቁት ደግሞ መሣሪያው እንደ ጎረሰ ቆጥረን እንድንይዘው፣ አፈሙዙንም ወደ ሰው እንዳናዞር የሚል ነበር። ቤተሰቡ ይህን የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አድርጎ ተቀበለው።

ጥንቃቄው ግን ትክክል ነበር። መርማሪው ማንኛውንም ነገር ከመንካታቸው በፊት ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብተው ጠርዙ ላይ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ዘንጉን አውጥተው በቧንቧው ጎን በማስተኛት የባሩዱ እሳት ከሚገባበት ቦታ ጋር አስተያዩት። ዘንጉ ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር፤ ይህ ማለት ከውስጥ አረርና ባሩድ አለ ማለት ነው። ልጆች ሲነካኩት ያደጉት፣ በበዓል ቀን እየወረደ እንግዳ የሚያየው ጠመንጃ በዚያን ሁሉ ዘመን ጎርሶ ነበር። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ በዕድሜ ብዛት አቅሙን አያጣም፤ በጥንታዊ ጠመንጃ የሚደርሱ አደጋዎች ከሚመጡባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ነው። መርማሪው ፈቃድ ያላቸው ባለሙያ ስለሆኑ ቧንቧውን በፈሳሽ አርሰው፣ ጫፉ እንደ ብሎን በተሠራ ዘንግ አረሩን ነክሰው ቀስ ብለው አወጡት። ማንኛውም አንባቢ እቤቱ የተሰቀለ በአፈሙዝ የሚጎርስ መሣሪያ ካለው፣ የምርመራ ፍላጎት ባይኖረው እንኳ፣ ለዚህ አንድ ፍተሻ ብቻ ወደ ባለሙያ እንዲወስደው አጥብቄ እመክራለሁ።

የወጣው አረር ራሱ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ። ከቧንቧው ስፋት በመጠኑ ያነሰ ክብ እርሳስ ሲሆን የጠቆረ የጨርቅ ቅሪት ተጣብቆበት ነበር፤ በእርሳሱ ዙሪያም የጨርቁ ድርና ማግ አሻራ ይታያል። ይህም ጠመንጃው ለመጨረሻ ጊዜ የጎረሰው በአሮጌው የአዳኞች ዘዴ፣ ከባለ ቦይ ቧንቧ ጋር በሚስማማ ጨርቅ ለበስ ክብ አረር መሆኑን ያሳያል። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በጦር ሠራዊቶች ዘንድ የተስፋፋው ሾጣጣ አረር አልነበረም። ከዚያም ለስላሳ እርሳስ በቧንቧው ውስጥ ገፍተው ልኩን ወሰዱ፤ ቀዳዳው አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቦዮቹ ሰባት፣ ጥምዝምዛቸውም ዝግ ያለ ሆኖ ተገኘ። በአንዳንዶቹ ቦዮች ጠርዝ ላይ ያለው ስለት ከሌሎቹ ይልቅ ትኩስ መሆኑን በትንሿ የውስጥ መመልከቻ ካሜራ አሳዩን፤ ቧንቧው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገና ተቦርቡሯል ማለት ነው። ይህም ቀዳዳው መጀመሪያ ከዛሬው ጠባብ እንደ ነበረ ስለሚያመለክት፣ በስፋቱ ብቻ ተነሥቶ ዕድሜውን መገመት እንደማይቻል አስረዱን።

ቀጥለው መለኮሻውን ፈቱ። ጠመንጃው ዛሬ የሚተኮሰው መዶሻ መሳዩ ቃታ በትንሽ ጉጥ ላይ የተደፋውን፣ ሲመታ የሚፈነዳ ኬሚካል የያዘ የመዳብ ቆብ ሲመታ ነው። ነገር ግን የመለኮሻው ዝርግ ብረት ተገልብጦ ሲታይ በብረት የተደፈኑ ቀዳዳዎችና በፋይል የተስተካከለ ጠርዝ ነበረበት፤ ቦታቸውም ባሩድ የሚቀመጥበት ድስት፣ ባልጩቱ የሚመታው ብረትና የዚህ ብረት ስፕሪንግ ይሰኩባቸው ከነበሩት ቦታዎች ጋር በትክክል ይገጥማል። መሣሪያው በመጀመሪያ በባልጩት ይለኮስ ነበር ማለት ነው። የስኮትላንዱ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በመመታት የሚፈነዳ ኬሚካልን ለጠመንጃ መለኮሻነት ተጠቅሞ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1807 ነው፤ የመዳብ ቆቡ የተስፋፋው በ1820ዎቹ ሲሆን የፕሩሲያ ሠራዊት በቆብ የሚለኮስ አዲስ የእግረኛ ጠመንጃ የተቀበለው በ1839 ሞዴሉ ነው። ስለዚህ የዚህ ጠመንጃ ለውጥ ከ1820ዎቹ በፊት የሆነ አይመስልም። መርማሪው የለውጡን አሠራር፣ የቃታውን ቅርጽና የብሎኖቹን ጥርስ አይተው 1830ዎቹን ወይም 1840ዎቹን መረጡ፤ ምርጫቸው ግምት መሆኑንም በግልጽ ተናገሩ። የሥራውን ጥራት ሲገልጹም የመንደር አንጥረኛ ሳይሆን ሙያውን የሚያውቅ ጠመንጃ ሠሪ የለወጠው መሆኑን ከተደፈኑት ቀዳዳዎች ንጽሕና አሳዩን።

ከሁሉ የበለጠው ግኝት ግን ከቧንቧው ሆድ የተገኘው ነው። ቧንቧውን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ከጎን የሚገቡ ቀጫጭን ሚስማሮች ሲሆኑ እነዚህ ከቧንቧው ሥር በተበየዱ ወይም በተሰኩ ጆሮዎች ውስጥ ያልፋሉ። ቧንቧው ሲነሣ ከአሁኖቹ ጆሮዎች ሌላ፣ ከእንጨቱ ቀዳዳዎች ጋር የማይገጥሙና ተደፍነው የተስተካከሉ የአሮጌ ጆሮዎች ጎድጓዳዎች ታዩ። ይህ ቧንቧ ከዚህ እንጨት በፊት ሌላ እንጨት ለብሶ ነበር። ወደ ኋላው ጫፍ ጠጋ ብሎም፣ እንጨቱ ለረጅም ዘመን ከመነካካት ያተረፈው የቧንቧ አንጥረኛ ማኅተም ተገኘ፤ መርማሪው ቅርጹን ከራሳቸው የማኅተም መዝገብ ጋር አስተያይተው ከቱሪንገን ቧንቧ አንጥረኞች ማኅተሞች ቤተሰብ መደቡት፤ ግማሹ ስለ ተበላ ግን የየትኛው ሰው እንደሆነ ለመወሰን አልደፈሩም። የቧንቧው መካከል ቀጠን ብሎ ወደ አፈሙዙ መልሶ የሚሰፋ መሆኑንም ለክተው፣ ይህ አሠራር ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጋር እንደሚስማማ ጻፉ። በአንጻሩ የእንጨቱ ቅርጽ ከዚያ ዘመን የሚጠበቀው የተንዠረገገና ጥልቅ የሆነ ሐረግ የለውም፤ ቀጭን፣ ቁጥብና ሥርዓት ያለው ነው፤ ይህም ወደ መቶ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አሥርተ ዓመታት ያመራል።

ስለዚህ በብር የተለበጠው የካሰሉ ጠመንጃ ሠሪ ስም ምን ይነግረናል? መልሳቸው ግልጽ ነበር፦ ስሙ የሚመሰክረው ጠመንጃውን ለገጣጠመውና ላስረከበው ሰው እንጂ ቧንቧውን ላነጠረው ሰው አይደለም። የብሩን ሥራ በማጉያ ሲመረምሩም ጽሑፉ የገባው የቧንቧው ገጽ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ መሆኑን አስተዋሉ። የከተማዋ ስም የተጻፈበት ፊደልም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ካሰል ዛሬ በ«ካ» (K) ፊደል የሚጀምረውን ስሟን በይፋ የያዘችው በ1926 ሲሆን ከዚያ በፊት በ«ሴ» (C) ትጻፍ ነበር፤ በጠመንጃው ላይ ያለውም ይኸው አሮጌው አጻጻፍ ነው። ይህ ብቻውን ከ1926 በፊት ከማለት ሌላ አያስረዳም፤ ሆኖም ሐሰተኛ ጽሑፍ የሚያስገቡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የሚሰናከሉበት ጉዳይ ስለሆነ በሪፖርቱ ውስጥ ተገቢውን አንድ ዓረፍተ ነገር አግኝቷል። መርማሪው ማስረጃን ከክብደቱ በላይ አለማስጮኻቸው በጣም አስደስቶኛል።

የፍተሻ ማኅተም አለመኖሩን በተመለከተ የነጋዴው ጥርጣሬ መሠረት የለውም። የጀርመን መንግሥት የጠመንጃ ቧንቧዎችን በግዴታ የሚያስፈትሽ አገር አቀፍ ሕግ ያወጣው በ1891 ሲሆን ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1893 ነው። ዘውድ ከላያቸው ያረፈባቸው ፊደሎች፣ ለምሳሌ ቧንቧው ባለ ቦይ መሆኑን የሚያሳየው «ጌ»፣ ከዚህ ሕግ ጋር የመጡ ናቸው። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ በካሰል ተገጣጥሞ በግል ቤት የኖረ የአደን ጠመንጃ ላይ እነዚህን ማኅተሞች መፈለግ ትርጉም የለውም፤ እንዲያውም ቢገኙ ኖሮ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ይሆኑ ነበር። ከዚህ በተቃራኒ በቤልጅየም የሊዬዥ ከተማ ከ1810 ጀምሮ ሦስት ፊደሎች ያሉበት እንቁላል መሳይ ማኅተም በግዴታ ይመታ ስለነበር፣ የጀርመን ተብለው የሚሸጡ ብዙ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ቧንቧቸው ሲገለበጥ የሊዬዥን ምስክርነት ይዘው ይገኛሉ። የእኛው የለውም። አንባቢዎቼ በዚህ ነጥብ ላይ እንዲያተኩሩ እፈልጋለሁ፤ ማኅተም መኖሩም አለመኖሩም ትርጉም የሚኖረው የየትኛው አገርና የየትኛው ዘመን ሕግ ያስገድድ እንደ ነበር ሲታወቅ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ በጉጉት የሚጠብቀው የ1776 ጉዳይ ቀርቶ ነበር። የሄሰን-ካሰል መስፍን ፍሪድሪሽ 2ኛ ወታደሮቻቸውን ለብሪታንያ ለማከራየት ውል የገቡት በዚያ ዓመት ነው፤ ከልዩ ልዩ የጀርመን ግዛቶች ወደ አሜሪካ የተላኩት ወታደሮች በጠቅላላው ወደ ሠላሳ ሺህ የሚጠጉ ሲሆን ትልቁ ክፍል ከሄሰን-ካሰል የሄደው ነበር። ከነሱ መካከል ከደን ጠባቂዎችና ከአዳኞች የተመለመሉት የዬገር ጓዶች ባለ ቦይ ጠመንጃ ይዘው ይዋጉ ነበር። ለሠራዊት የተሠሩት የዬገር ጠመንጃዎች በአብዛኛው ጌጥ የሌላቸው፣ በነሐስ የተጠናከሩና ለሸካራ አያያዝ የተዘጋጁ ናቸው፤ ለሄሰን-ካሰል ይሠሩ ከነበሩት ቦታዎች አንዷ በመስፍኑ ግዛት ሥር የነበረችውና ለዙል ቅርብ የሆነችው ሽማልካልደን ናት። የጦር መሣሪያ ሲሆን የገዢው ስም ምልክት፣ የክፍል ቁጥር ወይም የማምረቻው ስም ይጠበቃል፤ በፕሩሲያ ጠመንጃዎች መለኮሻ ላይ የፖትስዳም ስም ተቀርጾ የሚገኘው ለዚህ ነው። በእኛ ጠመንጃ ላይ ከነዚህ አንድም የለም። ድርብ ምላጩ፣ ስሱ ቅርጹ፣ ትንሿ የብር የፊት ማነጣጠሪያና የቀንድ ጫፉ ሁሉ የአደን መሣሪያ መሆኑን ይናገራሉ። መርማሪው ለባለቤቴ አባት ይህንን ሲገልጹላቸው በእርጋታና በአክብሮት ነበር፦ ዬገሮቹ ራሳቸው አዳኞች ስለነበሩ አንድ የአደን ጠመንጃ አብሮ ዘምቶ መመለሱ ፈጽሞ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ከብረቱም ከእንጨቱም ይህን የሚያስረዳ ምልክት አልተገኘም፤ ማስረጃ ካለ ያለው በሰነድ ውስጥ ነው፤ ሰነዱን መፈለግ ደግሞ የታሪክ መዝገብ ቤት ሥራ ነው አሏቸው።

የጽሑፍ ሪፖርቱ ይህንኑ ጥንቃቄ ተከትሎ የተዘጋጀ ነው። እያንዳንዱ ድምዳሜ ከአራት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል፦ የተረጋገጠ፣ እጅግ የሚመስል፣ ሊሆን የሚችል፣ የማይታወቅ። በባልጩት ይለኮስ የነበረ መሆኑና ቧንቧው ቀድሞ ሌላ እንጨት መልበሱ የተረጋገጠ ተብሏል፤ ቧንቧው የቱሪንገን መሆኑና እንጨቱ በካሰሉ ባለሙያ እጅ መሠራቱ እጅግ የሚመስል ተብሏል፤ የቆቡ ለውጥ ዘመን ሊሆን የሚችል ተብሏል፤ የዘመቻው ታሪክ የማይታወቅ ከሚለው ሥር ተጽፏል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ድምዳሜው የተመሠረተበት ፎቶግራፍ፣ ልኬትና የቦታ መግለጫ ስለሚቀመጥ ሌላ ባለሙያ ተቃውሞ ቢኖረው በምን ላይ እንደሚቃወም ያውቃል። በእኔ እምነት የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ብዙ ገምጋሚዎች ደንበኛው የሚወደውን ነገር ይጽፋሉ፤ እኚህ ሰው ብረቱ የሚመሰክረውን ጽፈው ከዚያ ያቆማሉ።

ከጠመንጃ ጋር የቤተሰብ ታሪክ ተያይዞ መውረሱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ስንት ቤት ውስጥ ነው አንድ ውጅግራ ወይም አንድ ምንሽር ከአድዋ ወይም ከማይጨው ጋር ተያይዞ የሚነገርለት! ያንን ታሪክ ማንም በቀላሉ ሊያፈርሰው አይገባም፤ ሆኖም የመሣሪያው ዓመት፣ የተሠራበት አገርና ማኅተሙ በባለሙያ ተመዝግበው ከታሪኩ ጋር ቢቀመጡ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፈው ቅርስ ይበልጥ ይጸናል ብዬ አስባለሁ። የባለቤቴ አባትም ሪፖርቱን ካነበቡ በኋላ የአባታቸውን ቃል በወረቀት ጽፈው ከሪፖርቱ ጋር አብረው በአንድ አቃፊ አኖሩት፤ የትኛው የምርመራ ውጤት፣ የትኛው የቤተሰብ ቃል እንደሆነም በግልጽ ለይተው ጻፉ።

አገልግሎቱ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ቀጠሮ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ረጅም ነው፤ መርማሪው ብቻቸውን ስለሚሠሩ ሪፖርቱም ከምርመራው በኋላ ወራት ይወስዳል። በፎቶግራፍ ብቻ ምርመራ አያደርጉም፤ ምክንያታቸው ከላይ እንደተገለጸው ዋናው ማስረጃ ከእንጨቱ ሥር ስለሚገኝ ነው፤ ይህ ትክክል ቢሆንም ከጀርመን ውጭ ለሚኖር ሰው በሩን ይዘጋበታል። ሪፖርቱ የሚጻፈው በጀርመንኛ ብቻ ነው፤ የሙያው ቃላትም የአካባቢው አንጥረኞች የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ ጀርመንኛን በሚገባ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ይከብዳሉ። ቢያንስ በመጨረሻው ገጽ የቃላት መፍቻ ቢጨመርበት ትልቅ እርዳታ ይሆን ነበር። የገንዘብ ግምት ደግሞ ፈጽሞ አይሰጡም፤ ለኢንሹራንስ ወይም ለውርስ ክፍፍል ግምት የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ባለሙያ መክፈል ይኖርበታል። እኔ ይህን የመጨረሻውን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ትውልዱን የሚወስነውና ዋጋውን የሚወስነው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ለእውነቱ ይጠቅማል። ክፍያው አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገራል፤ በመጨረሻም ከተነገረው አልጨመረም።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የዙልን የጦር መሣሪያ ሙዚየም ቢጎበኝ ይጠቀማል። ሙዚየሙ ቀድሞ ብቅል ይዘጋጅበት በነበረ ውብ የእንጨት አውታር ሕንጻ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን የከተማዋን የጠመንጃ ሥራ ከጥንት እጅ ሥራ እስከ ፋብሪካ ዘመን ያሳያል። ቧንቧ እንዴት እንደሚነጠር፣ ቦይ እንዴት እንደሚቦረቦር አስቀድሞ የተረዳ ሰው መርማሪው በሚያሳዩት ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ የተሻለ ይሆናል። ጠመንጃቸው ከደቡብ የመጣ መስሎ ለሚታያቸው ደግሞ በሙኒክ የሚገኘውን የአደንና የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም እጠቁማለሁ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባቫሪያና በኦስትሪያ በተሠሩ የአደን ጠመንጃዎች ላይ የሚታየውን ከቀንድ የተሠራ የምላጭ መከለያ ከሰሜኑ የነሐስ መከለያ ጋር ማስተያየት ለዓይን ጥሩ ትምህርት ነው።

ሕጉን በተመለከተ በጀርመን ከ1871 በፊት የተነደፈ ሞዴል የሆነ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ጉርሻ ብቻ ያለው በቆብ የሚለኮስ ጠመንጃ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ሊገዛውና ሊይዘው ይችላል፤ ባሩድ መግዛትና መያዝ ግን በፈንጂ ሕጉ መሠረት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች የፌዴራሉ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን መሣሪያ እንደ ጥንታዊ እንደሚቆጥር ታውቁ ይሆናል፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ሊለይ ስለሚችል ራሱን ችሎ መጠየቅ አለበት። በዚህ ምክንያት የተሠራበትን ዘመን የሚያስረዳ በማስረጃ የተደገፈ ሪፖርት ከታሪክ ፍላጎት ባሻገር በድንበርና በጨረታ ላይም ይጠቅማል። መሣሪያውን ለመሸጥ ቸኩሎ ግምት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ አገልግሎት አይሆነውም፤ የያዘው ጠመንጃ በስንት እጅ እንዳለፈ ማወቅ ለሚፈልግና መልሱ ከቤተሰቡ ታሪክ ቢለይም ለመቀበል ለተዘጋጀ ሰው ግን በጀርመን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ሲሄዱ ከጠመንጃው ጋር የነበሩትን የአረር መቅረጫ፣ የባሩድ ቀንድና ማንኛውንም አሮጌ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ አብረው ይውሰዱ፤ እኛ መቅረጫውን እቤት ትተን በመሄዳችን፣ ልኩ በኋላ ተልኮ በሪፖርቱ ላይ በተጨማሪ ገጽ ተያይዟል።